ኃይልና ሥልጣን፦ ከየጆካ ሸንጎ እስከ መድረካችን



በጉንችሬም ሆነ በእምድብር፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በሚደረጉ ጉባኤዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚነሡ ሁለት ቃላት አሉ፤ «ኃይል» እና «ሥልጣን»። ኃይል እንዲወርድ እንጸልያለን፤ በሥልጣን እናዛለን፤ ስለ አንድ አገልጋይ ስንመሰክርም «ሥልጣን አለው» እንላለን። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርገን ስለምንይዛቸው ግን የሚከተለው ጣጣ ቀላል አይደለም። ድምፁ የገነነ ሁሉ የተላከ ይመስለናል። ድንቅ ያደረገ ሁሉ ሊጠየቅ የማይገባው ይሆንብናል። የታመመ ሰው የያዘ ቤተሰብም «ሥልጣን ያለው ሰው» ፍለጋ ያለውን ሁሉ ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ቃላት ወደ እኛ የመጡበትን መንገድ፣ በዚህ በጉራጌ ምድርና በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ያለፉበትን ታሪክ አብረን እንቃኛለን። ታሪኩ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው፦ ሥልጣን የሚሰጥ ነገር ነው፤ የተሰጠውም ሰው ከሰጪው በታች ይኖራል።

ሁለቱ ቃላት በመጽሐፍ ቅዱስ

አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ኃይል «ዱናሚስ» ይባላል፤ ሥልጣን ደግሞ «ኤክሱሲያ»። ሁለቱም በአዲስ ኪዳን እያንዳንዳቸው ከመቶ ጊዜ በላይ ይገኛሉ። ዱናሚስ ማድረግ መቻልን፣ አቅምን ያመለክታል። ኤክሱሲያ ግን «ተፈቅዷል» ከሚል ግስ ጋር የተዛመደ ነው፤ ስለዚህ ፈቃድን፣ መብትን፣ ውክልናን ይናገራል። በሉቃስ 9፥1 ጌታችን ለአሥራ ሁለቱ ሁለቱንም ለይቶ ሰጣቸው። አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ጊዜ መጥራት ባላስፈለገ ነበር።

በሰፈራችን በየዕለቱ የምናየው ምሳሌ አለ። ሁለት በሬዎች ከሜዳ ሲመለሱ ከኋላቸው የሰባት ዓመት ልጅ በትር ይዞ ይነዳቸዋል። ኃይሉ የበሬዎቹ ነው፤ ልጁን በአንድ ግፊ ሊጥሉት ይችላሉ። ሥልጣኑ ግን የልጁ ነው፤ አባቱ ልኮታልና። ደግሞም ልጁ በሬዎቹን ወደ ቤት ይነዳል እንጂ ገበያ ወስዶ ሊሸጣቸው አይችልም። የተሰጠው ሥልጣን እስከ አባቱ ፈቃድ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሌብነት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስብከት እናርም። «ዱናሚስ ማለት ዲናሚት ነው፤ መንፈስ ቅዱስ ሲመጣ ይፈነዳል» ሲባል ሰምተናል። ዲናሚትን አልፍሬድ ኖቤል የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው፤ ስሙንም ከግሪኩ ቃል ወሰደለት። ጳውሎስ ከዚያ 1800 ዓመት ቀድሞ ሲጽፍ በልቡ ፈንጂ አልነበረም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 የእግዚአብሔር ኃይል ያለው የመስቀሉን ቃል ነው፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9 ደግሞ ይህ ኃይል በድካም ይፈጸማል ይለናል። ዲናሚት የሚያፈርስ ነው፤ የጳውሎስ ዱናሚስ ግን የደከመውን የሚያቆም ነው።

ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመጣ

«ሥልጣን» ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚያውቁት «ሱልጣን» የሚለው የዓረብኛ ቃል የዚሁ ቤተሰብ ነው። የትንቢተ ዳንኤል ከፊሉ በተጻፈበት በአራማይስጥም ተመሳሳይ ቃል አለ። በዳንኤል 7፥14 የሰው ልጅ የሚመስለው ከዘመናት ከሸመገለው ዘንድ የሚቀበለው ይህንኑ ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ቃሉ በዚያ ቦታ «ግዛት» ተብሎ ስለተተረጎመ፣ ከማቴዎስ 28፥18 ጋር ያለው ዝምድና ለዓይናችን ተሰውሯል። ጌታ በገሊላ ተራራ ላይ ሥልጣን ሁሉ እንደ ተሰጠው ሲናገር፣ ዳንኤል ያየው ራእይ መፈጸሙን እየነገራቸው ነበር። «ያዝሁ» ወይም «ነጠቅሁ» አለማለቱን ልብ በሉ። ቃሉ «ተሰጠኝ» ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ የተረጎመልን አባ አብርሃም (አቡ ሩሚ) የሚባል የጎጃም ሰው ነው። በካይሮ ተቀምጦ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ አሥር ዓመት ያህል ደከመበት። የእጅ ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ነበረ። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1820 ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 ታተሙ። ይህ ሰው ሹመት አልነበረውም፤ መጽሐፉ ታትሞ ሳያይ ሞተ። ዛሬ በጉንችሬ ጸሎት ቤት የምናነበው አማርኛ ግን የእርሱ ሥራ በከፈተው መንገድ የመጣ ነው።

ቃላት እንደ ሰው ዕድሜ አላቸው፤ ትርጉማቸው ይሰፋል፣ ይጠባልም። ዛሬ «ባለሥልጣን» ስንል ወዲያው ወንበር፣ ማኅተምና መኪና ይታየናል። «ሥልጣኔ» እና «ሥልጠና»ም ከዚያው ሥር ወጥተው በየፊናቸው ሄደዋል። አዲሱ መደበኛ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ በዮሐንስ 1፥12 ላይ «ሥልጣን» የነበረውን «መብት» አለው። አንዳንዶቻችን «ቃሉን አሳነሱት» ብለን ቅር ብሎን ይሆናል። ነገር ግን ዮሐንስ በዚያ ቦታ የሚናገረው ስለ ማዘዝ አይደለም፤ ልጅ ተብሎ ወደ አባቱ ቤት ስለ መግባት ነው። ልጅ በአባቱ ቤት ያለው ታላቁ ሥልጣን መግባት መቻሉ ነው።

የጆካ፣ መብረቁና የቤቱ ምሰሶ

ወንጌል ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ ሲመጣ ሰዉ ስለ ኃይልና ስለ ሥልጣን ምንም የማያውቅ አልነበረም። እንዲያውም ሦስት ዓይነት ትምህርት ቀድሞ አይቷል።

የመጀመሪያው የጆካ ነው። የሰባት ቤት ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ይህ ሸንጎ ቅጫ በሚባለው ባህላዊ ሕግ የደምም የመሬትም ነገር ይዳኛል። ሸንጎው የራሱ ፖሊስና ወህኒ ቤት የለውም። ሽማግሌው በእጁ ከበትር የበለጠ መሣሪያ አልያዘም። ሁለቱም ወገኖች ይሰማሉ፤ ነገሩ ይመረመራል፤ ፍርዱ ሲነገርም ጎረምሳውና ባለጸጋው እሺ ይላሉ። ለምን? ሽማግሌው የሚናገረው የራሱን አይደለም። ከአባቶች የተቀበለውን፣ ሁሉም የተስማማበትን ቃል ነው የሚናገረው። ራሱም ቢያጠፋ በዚያው ቅጫ ይዳኛል። ይህ ጉልበት የሌለው ሥልጣን ነው።

ሁለተኛው መብረቅ ነው። አባቶቻችን ሰማይን ዋቅ፣ መብረቅን ቦዠ እያሉ ያመልኩ ነበር፤ ሴቶችም ዳሟሟዊት የምትባለውን ይማጠኑ ነበር። ቦዠ ሌባን ይመታል ተብሎ ስለሚታመን በስሙ የተጠበቀን ንብረት የሚደፍር አልነበረም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን መብረቅን ማን ይጠይቀዋል? የመታውን «ስለ ምን መታኸኝ?» ብሎ በሸንጎ የሚያቆመው ማን ነው? ለአገልጋዮቹ ስለት ይገባል፤ የተሳለ ይሰጣል፤ ያልሰጠም ይፈራል። ይህ ተጠያቂነት የሌለው ኃይል ነው።

ሦስተኛው በየቤታችን መካከል የቆመው ምሰሶ ነው። የጉራጌ ቤት ያለ መካከለኛ ምሰሶ አይቆምም፤ ያንን ምሰሶ በጥበብ የሚያቆሙት ደግሞ ለብዙ ዘመን «ፉጋ» እየተባሉ የተናቁት የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ። ታሪካቸው ልብ ይነካል። በሥርዓተ አምልኮው ውስጥ ኃይል አላቸው ተብለው ይፈሩ ነበር። ሆኖም የመሬት ባለቤትነት አልነበራቸውም፤ ልጃቸውንም የሚያገባ ከሌላው ወገን አልነበረም። ቤቱን ያቆሙታል፣ በቤቱ ግን እንደ ልጅ አይገቡበትም። ይህ መብት የተነፈገው ኃይል ነው።

እንግዲህ ዮሐንስ 1፥12ን በእነርሱ ጆሮ ስሙት። ለተቀበሉት ሁሉ የተሰጠው ሥልጣን ልጅ የመሆን ነው። ኃይል አለህ መባል ለእነርሱ አዲስ ወሬ አልነበረም፤ ያ ወሬ ከማዕድ ሲያርቃቸው ኖሯል። አዲሱ ወሬ «ልጅ ነህ፣ ግባ» የሚለው ነው። ይህ ወንጌል በመካከላችን በእውነት ሠርቶ እንደ ሆነ የሚታወቀው በጩኸታችን መጠን አይደለም። ከእነዚህ ወገኖቻችን ጋር በአንድ ገበታ ስንቀመጥና ልጅ ስንሰጣቸው፣ ከእነርሱም ልጅ ስንቀበል ይታወቃል።

ሹመት ሲመጣ

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዐፄ ምኒልክ የጉራጌን ምድር በጦር ሲያስገብሩ ሌላ ዓይነት ሥልጣን መጣ። ከላይ ጀምሮ እስከ ቆሮና እስከ ጭቃ ሹም ድረስ ሹመት ተዘረጋ፤ ገባሩም ግብርና ጉልበት ይከፍል ጀመር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአማርኛ ተረት የዚህን ሥርዓት መንፈስ በአጭሩ ይናገራል። ሥልጣን የመብያ ጊዜ ሆነ።

እኛ ኢትዮጵያውያን መጽሐፍ ቅዱስን ስናነብ «ሥልጣን» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ትዝታ ተሸክሞ ነው ወደ ጆሮአችን የሚገባው። ሳናውቀውም የየጆካውን ሽማግሌ ረስተን ጭቃ ሹሙን ወደ መድረክ እናወጣዋለን። ጌታችን ይህን አስቀድሞ አይቶታል። በማቴዎስ 20፥25-28 የአሕዛብ ታላላቆች በሕዝቡ ላይ እንዴት እንደሚሠለጥኑ ከተናገረ በኋላ፣ በደቀ መዛሙርቱ መካከል እንዲህ እንዳይሆን አዘዘ፤ ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን አለ። የራሱንም ሥልጣን በዚያ ለካው፦ ሊያገለግልና ነፍሱን ቤዛ አድርጎ ሊሰጥ መጣ።

ፈቃድ ያልነበራት ቤተ ክርስቲያን

ከእኛ በስተ ደቡብ ባሉት በወላይታ ጎረቤቶቻችን የሆነውን እናስታውስ። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በዚያ ወንጌልን ሰበኩ። ጣሊያን አገሪቱን ሲወርር በ1937 ከወላይታ ወጡ። ሲሄዱ የተጠመቁት ምእመናን 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ገንዘብ፣ ትምህርት ቤት፣ ከመንግሥት የተሰጠ ወረቀት፣ አንዱም አልቀረላቸውም። መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ወንጌላዊ ዋንዳሮ ዳባሮ ተገረፈ። ሚሲዮናውያኑ ከጣሊያን መባረር በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን 10,000 ያህል አማኞችን ነበር።

የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንም ታሪክ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሕጋዊ ምዝገባ ጠየቀች፤ ተከለከለች። በ1972 በአዲስ አበባ ከ200 በላይ ምእመናን ለአምልኮ ተሰብስበው ሳሉ ተያዙ። ከዚያም የደርግ ዘመን መጣ። በየቤቱ፣ በሹክሹክታ፣ መስኮት ተዘግቶ የተጸለየባቸው ዓመታት ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት የተመለሱት ብዙዎች ዛሬ ሽማግሌዎቻችን ናቸው።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም አሉ። ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። የያዟቸው ሰዎች ኃይል ነበራቸው፤ ጠመንጃው በእጃቸው ነበር። ሥልጣኑ ግን የማን ነበር? ጌታ በዮሐንስ 19፥11 ለጲላጦስ የመለሰውን አስቡ። ጲላጦስ ሊሰቅልም ሊፈታም ሥልጣን እንዳለው ተመካ፤ ጌታም ከላይ ባይሰጥህ አንዳች ባልኖረህ ነበር አለው። የታሰረው ሰው ስለ ሥልጣን ምንጭ ከዳኛው ይልቅ ያውቅ ነበር።

በእነዚህ ዘመናት ቤተ ክርስቲያን ከምድር ባለሥልጣናት ፈቃድ አልነበራትም። መድረክ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የታወቀ ስምም አልነበራትም። ነገር ግን ተልካ ነበር። ለተላከም ሰው የሚያስፈልገው ኃይል ከላኪው ይመጣል። በሐዋርያት ሥራ 1፥8 ተስፋው ይህ ነው፤ የኃይሉ ዓላማም በዚያው ቁጥር ተነግሯል፦ ምስክሮች መሆን።

ዛሬ፦ ሥልጣንን መግዛት የፈለገው ሰው

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በሕግ ነጻነት አለን፤ ጌታ ይመስገን። ፈተናው ግን መልኩን ለወጠ። ዛሬ «ነቢይ» እና «ሐዋርያ» የሚሉ ማዕረጎች በየማስታወቂያው ተለጥፈዋል። ለእኛ የቀረበው ምሳሌ በሐዋርያት ሥራ 8 ያለው ሲሞን ነው። ሰማርያውያን ሲሞንን ታላቁ የእግዚአብሔር ኃይል ነው ብለው ያከብሩት ነበር። «ኃይል» የሚለው ስም ቀድሞም ነበረው ማለት ነው። ሐዋርያትን ሲያይ ግን ገንዘብ አውጥቶ የጠየቀው «ሥልጣን» ነው። እርሱ የጎደለውን በትክክል አውቋል፤ የሚገኝበትን መንገድ ግን አላወቀም። ጴጥሮስም ገንዘብህ ከአንተ ጋር ይጥፋ አለው። ሥልጣን ከተሸጠ ሥልጣን መሆኑ ይቀራል፤ የተሰጠ መሆኑ ነውና ሥልጣን የሚያደርገው። የሚሸጠውም የሚገዛውም በአንድ ስሕተት ውስጥ ናቸው።

በምዕራፍ 19 ደግሞ የአስቄዋ ልጆች ስሙን ጠርተው ጋኔን ሊያስወጡ ሞከሩ። ቃሉ ትክክል ነበር፤ ድምፃቸውም ሳይጎላ አልቀረም። ነገር ግን አልተላኩም፤ ቆስለውና ራቁታቸውን ሸሹ። የኢየሱስ ስም የማንም እጅ ሊያነሣው የሚችል በትር አይደለም።

የእነዚህ ተቃራኒ በሉቃስ 7 ያለው የመቶ አለቃ ነው። ኢየሱስ በቃሉ ብቻ ሊፈውስ እንደሚችል የገባው ከየት ነው? እኔም ራሴ ከሥልጣን በታች ያለሁ ሰው ነኝ በማለቱ ነው። ወታደሮቹ የሚታዘዙለት እርሱም የሚታዘዝለት ስላለ ነው። ከማንም በታች ያልሆነ አገልጋይ፣ ሽማግሌ የማይመክረው፣ ቃሉ የማይገሥጸው፣ ሒሳቡ የማይመረመር አገልጋይ እንዲህ ሊል አይችልም።

ስለዚህ የተወደዳችሁ፣ አንድን አገልግሎት ስንመዝን እነዚህን እንጠይቅ፦

ይህ ሰው ከማን በታች ነው? የሚጠይቀውስ ማን ነው?

ኃይሉ ማንን ያቆማል? የደከመውን ወይስ ራሱን?

ዋጋ ይጠይቃል? ጌታ በማቴዎስ 10፥8 በከንቱ የተቀበላችሁትን በከንቱ ስጡ ብሏል።

የታመመውን ከሐኪሙ፣ ሚስትን ከባልዋ፣ ልጅን ከወላጆቹ በፍርሃት ይለያል? ፍርሃት የመብረቁ መንገድ ነበር፤ የአባት መንገድ አይደለም።

እነዚህን መጠየቅ በቅቡዕ ላይ እጅ ማንሣት አይደለም። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን እንኳ በመጻሕፍት መርምረውታል፤ ስለዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተረገሙም።

ሁለቱ ተራሮች

በማቴዎስ ወንጌል ኢየሱስ ስለ ዓለም መንግሥታት በሁለት ተራሮች ላይ ቆሟል። በመጀመሪያው፣ በምዕራፍ 4፣ ፈታኙ የዓለምን መንግሥታት ሁሉ አሳየው፤ ሉቃስ ሲጽፈውም ሰይጣን ያቀረበው «ሥልጣን» እንደ ነበረ ይነግረናል። የተጠየቀው ዋጋ አንድ ስግደት ብቻ ነበር፤ መስቀል አልነበረበትም። ጌታም እምቢ አለ። በመጨረሻው ተራራ፣ በምዕራፍ 28፣ በሰማይም በምድርም ሥልጣን ሁሉ ተሰጥቶት ቆመ፤ በእጆቹ ላይ ግን የችንካር ምልክት ነበረ። ከሰይጣን እጅ በአቋራጭ ያልወሰደውን ከአባቱ እጅ በመስቀል መንገድ ተቀበለ።

ለእኛም ሁለቱም ተራሮች ክፍት ናቸው። የጉንችሬ ቤተ ክርስቲያንም፣ የወልቂጤም፣ የአዲስ አበባም የሚታየው ተራራ ላይ ለመውጣት ትፈተናለች። ከሥልጣን በታች መሆንን የምትማር ግን ዓለም ሊሰጣትም ሊነጥቃትም በማይችል ኃይል ትቆማለች።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በልጅህ ልጆች ስላደረግኸን እናመሰግንሃለን። ኃይልህን ስንለምን ለምስክርነት ይሁን፤ ሥልጣንህን ስንጠራ ከሥልጣንህ በታች አድርገን። በመካከላችን የተናቁትን በማዕድህ አስቀምጥ፤ የፈሩትንም ከፍርሃት አውጣ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።